ከካቡ የጠፉት ድንጋዮች

ስለዚያ ጋራ ባሰብኩ ቁጥር ቀድሞ የሚመጣብኝ ጋራው ሳይሆን በገዛ እጄ የጻፍኩት አንድ ወረቀት ነው። ረጅም አልነበረም፤ አሥራ ሁለት መስመር ቢሆን ነው። ታሪኩን ለብዙ ሰው አላወራሁትም። ያወራሁላቸው ሰዎች መጨረሻ ላይ «ምን ታደርጊ፣ ልጅ ነበርሽ» ይሉኛል። ልጅ አልነበርኩም። ሃያ አራት ዓመቴ ነበር፤ ማህተም የሚያርፍበት ወረቀት የመጻፍ ሥልጣንም ነበረኝ።

የተወለድኩት እስቴ ነው። አባቴ አስተማሪ ስለነበር በሬና ማረሻ አይቼ እንጂ ይዤ አላደግኩም። ከኮሌጅ ወጥቼ ብዙ ሳልቆይ በተፈጥሮ ሀብት ባለሙያነት ላይ ጋይንት ተመደብኩ። ቀበሌዋ ከንፋስ መውጫ በእግር ሦስት ሰዓት ታስኬዳለች። እስከ መንገዱ እኩሌታ ባጃጅ ይገባል፤ ከዚያ ወዲያ ያለው አቀበትና ገደል ነው። የደረስኩ ዕለት ንፋሱ ፊቴን ሲገርፈኝ ቦርሳዬ ውስጥ ያለውን ልብስ ሁሉ ደራርቤ ለበስኩ። አከራዬ ሲያዩኝ ሳቃቸው መጣ፤ «አንድ ባና ይበቃሽ ነበር» ብለው ከራሳቸው መደብ ላይ አንሥተው ሰጡኝ። ባና ከበግ ጸጉር የሚሠራ ወፍራም ልብስ ነው፤ በዚያ ደጋ ያለ እሱ ክረምት አይወጣም።

አከራዬ ስልሳ ዓመት ያለፋቸው፣ ባላቸው የሞቱባቸው ሴት ነበሩ። እማማ እላቸው ነበር። ተወልደው ያደጉት ላይ ጎጥ ነው፤ ተድረው የወለዱትና የኖሩት ደግሞ ታች ጎጥ። በሁለቱ ጎጦች መካከል ጋራው አለ።

የላይ ጎጥ ሰው የሰፈረው ከጋራው አናት ላይ ነው። እርሻው ጠባብ፣ አፈሩ ስስ ነው፤ ገብስና ድንች ያበቅላል። ኑሮው ግን በጉ ነው። የታች ጎጥ ሰው ደግሞ ከጋራው ሥር ስንዴና ባቄላ የሚሆንበት ደህና ማሳ አለው። የላይ ጎጥ በግ ጋራውን ሲግጥ ይከርምና ሣሩ ያልቃል፤ ክረምት ሲገባ ጎርፉ ከራቁቱ ጋራ ወርዶ የታች ጎጥን ማሳ ይጠርጋል። በመጀመሪያው ሐምሌዬ አንድ ገበሬ የዘራው ባቄላ ከነአፈሩ ሲሄድበት ቆሞ ሲያይ አየሁት። አልጮኸም። «ይሄ አባቴ ያረሰው አፈር ነው» አለኝና ጀርባውን ሰጥቶኝ ወደ ቤቱ ገባ። ያን ዕለት ጋራው እንዲከለል ማድረግ አለብኝ ብዬ ወሰንኩ። ውሳኔው ትክክል ነበር፤ ዛሬም አልክደውም። የተሳሳትኩት ሌላ ቦታ ላይ ነው።

ስብሰባው የተደረገው እህል ከተወቃ በኋላ፣ ቀበሌው ጽሕፈት ቤት ፊት ለፊት ባለው ሜዳ ላይ ነበር። ጋራው ከሰውና ከከብት ንክኪ ነፃ ቢሆን ሣሩ በሁለት ዓመት እንደሚመለስ፣ ካብ ቢሠራበት ጎርፉ እንደሚበርድ አስረዳሁ። የታች ጎጥ ሰው ራሱን ይነቀንቃል።  ከላይ ጎጥ በኩል አንድ ሽማግሌ ብድግ አሉ። ባና የሚሠሩ ሸማኔ ናቸው፤ ጣቶቻቸው ከክር ብዛት የጠነከሩ፣ ድምፃቸው ዝግ ያለ።

«ልጄ፣ ጋራው ለታች ሰው ጎርፍ ነው። ለእኛ ግን እርሻችን ነው። እርሻችንን ስትዘጊው ምን አርሰን እንብላ?»

«ሣሩን አጭዳችሁ ለበጎቻችሁ ትወስዳላችሁ አባባ» አልኩ። «የሚከለከለው ልቅ ግጦሽ ብቻ ነው።»

«ውሃውንስ? ውሃውንም አጭደን እንውሰድለት?»

ሰው ሳቀ። እኔም ሳቅሁ። ቀልድ መስሎኝ ነበር። ሽማግሌው ግን አልሳቁም፤ ጋቢያቸውን አስተካክለው ተቀመጡ። ከዚያ እጅ ይውጣ ተባለ። የታች ጎጥ ሰው በቁጥር ይበልጣል። ቃለ ጉባኤው ላይ «በአብላጫ ድምፅ ተወሰነ» ብዬ ጻፍኩ። ደንቡንም የጻፍኩት እኔ ነኝ። ጋራው ላይ የተገኘ ከብት ተይዞ ባለቤቱ ዋስ እስኪያመጣ ቀበሌው ግቢ ይቆያል የሚለው ዐረፍተ ነገር የእኔ ነው።

ጥርና የካቲትን ካብ ስንሠራ ከረምን። ድንጋይ እየተሸከምን፣ እየደረደርን፣ በጋራው ወገብ ላይ ተራ በተራ እርከን አወጣን። እኔ ገመድና ውሃ ልክ ይዤ ፊት ፊት እሄዳለሁ። መለኪያው እንዳይጠፋኝ በየአሥር እርምጃው አንድ ድንጋይ ላይ በቀይ ቀለም ቁጥር ጻፍኩ። ከሁሉ በላይ የደከመው ጋራውን እንዲያስጠብቅ የተመረጠው ኮሚቴ ሰብሳቢ ነው። አርባ ዓመት የሞላው፣ ጉልበተኛ፣ ጨዋታ አዋቂ የታች ጎጥ ገበሬ ነው። ሌላው ሰው ምሳውን ቆሎ ሲቆረጥም እሱ ድንጋይ ይፈነቅላል። ያለ እሱ ካቡ እኩሌታው እንኳ አይደርስም ነበር። የላይ ጎጥ ሰዎችም መጥተው ሠርተዋል፤ የቀረ ሰው ስሙ ይመዘገብ ስለነበር። ከራሳቸው በር ላይ አጥር እንዲያጥሩ የታዘዙ ሰዎች ፊት ነበራቸው።

የመጀመሪያዎቹ በጎች የተያዙት ግንቦት ላይ ነው። ኮሚቴው ለጋራው የቀጠረው ጥበቃ አሥራ አራት በግ እየነዳ ቀበሌው ግቢ አስገባ። ከዚያ በኋላ በየሳምንቱ ሆነ። ባለቤቶቹ ይመጣሉ፤ ዋስ ይጠራሉ፤ ይፈርማሉ፤ በጋቸውን ይዘው ይወጣሉ። አንዲት ሴት ብቻ ስትወጣ ዞር ብላ «የእኔ በግ ተጠምታ ነው የሄደችው» አለችኝ። «ደንቡ ነው» አልኳት።

ሁለቱ ጎጦች አንድ ደብር ነው የሚሳለሙት። በየወሩ የሚጠጡት የጽዋ ማኅበርም አንድ ነበር። ሰኔ ላይ ተራው የአከራዬ ሆነና ቤቱን አዘጋጅተው ጠበቁ። ከላይ ጎጥ የመጣ አንድም ሰው የለም። ማኅበርተኛው ከተበተነ በኋላ እማማ ለላይ ጎጥ ሰው ያሉትን ያልተነካ ጋን መልሰው ከደኑት።

«እኔ እዚህ ከተዳርኩ ጀምሮ ማኅበሩ የላይ የታች ተብሎ አያውቅም» አሉ።

«ይለምዱታል እማማ። ሣሩ ሲደርስ ራሳቸው ይደሰታሉ።»

«ወንድሜ ነው የቀረው» አሉ። ወንድማቸው ማን እንደሆነ አልጠየቅኳቸውም።

ጥቅምት ገባ። ሣሩ በእርግጥም አድጎ ነበር፤ ጉልበቴን ያልፍ ነበር። አንድ ሰኞ ጠዋት ጥበቃው እየሮጠ መጣና ካቡ ፈርሷል አለኝ። አብሬው ወጣሁ። ከሁሉም ታች ባለው እርከን ላይ ሠላሳ እርምጃ የሚሆን ካብ የለም። አፈሩ ገና እርጥብ ነው፤ ድንጋዩ የነበረበት ጉድጓድ ጉድጓዱ ይታያል። ቆሜ አለቀስኩ። ጥበቃው አጠገቤ ቆሞ ባርኔጣውን በእጁ እያሻሸ «ቅዳሜ ዕለት ሸማኔው እዚህ አካባቢ ነበሩ፤ በግ ይዘው» አለ።

«በዓይንህ አይተሃል?»

«በግ ሲነዱ አይቻለሁ።»

ሌላ አልጠየቅኩም። ጽሕፈት ቤት ገብቼ ወረቀቱን ጻፍኩ። «ለጋራው መከለል ተቃዋሚ የሆኑ ግለሰብ ካቡን ሆን ብለው ማፍረሳቸው ታውቋል» ይላል። «ታውቋል» የሚለውን ቃል ከየት እንዳመጣሁት አላውቅም። ሪፖርት ላይ ሲጻፍ አይቼው ነበር፤ ጥሩ ይመስል ነበር።

ሚሊሻዎቹ ሽማግሌውን በዚያው ቀን አመጧቸው። ዘር በሚቀመጥበት መጋዘን ውስጥ ሁለት ቀን ተቀመጡ። ማንም እጁን አላነሳባቸውም፤ ዳስ ውስጥ እንደ ተጋበዘ ሰው በጆንያ ላይ ተቀምጠው ቆዩ። ሚስታቸው ጠዋትና ማታ ምግብ ይዘው ይመጣሉ። እኔ በር ላይ ቆሜ ሰላምታ ስሰጣቸው እንደ ግንድ ቆጥረውኝ በአጠገቤ አልፈው ገቡ።

በሁለተኛው ቀን ከሰዓት በኋላ ቤት ገብቼ እግሬን ስታጠብ እማማ ገብስ እየለቀሙ ነበር። ቀና ሳይሉ ጠየቁኝ።

«አንቺ ልጅ፣ ያ ድንጋይ የት ሄደ?»

«የትኛው ድንጋይ?»

«ከካቡ የወጣው ነዋ። በንዴት ያፈረሰ ሰው ድንጋዩን ቁልቁል ይለቀዋል። ማሳው ላይ ወድቋል?»

አሰብኩ። አልወደቀም። ቦታው ላይም የለም።

«ወስደውት ይሆናል» አልኩ።

«ወዴት? ወንድሜ ሰባ ዓመት አልፎታል። ከጋራው ታችኛው ጫፍ ድንጋይ ተሸክሞ እስከ አናቱ ሽቅብ ይወጣል? እሱ ቤትስ ድንጋይ ጠፍቶ ነው? ላይ ጎጥ እኮ ከድንጋይ በቀር ምን አለ?»

የታጠብኩበትን ውሃ እንኳ ሳልደፋ ጫማዬን አጥልቄ ወጣሁ። ሸማኔው የእሳቸው ወንድም መሆናቸውን ያወቅኩት ያን ጊዜ ነው። ሁለት ቀን ሙሉ ወንድማቸውን ያሳሰርኩ ሰው ቤታቸው ውስጥ በልቼ አድሬያለሁ፤ አንድ ክፉ ቃል አልወጣቸውም።

ከፈረሰው ካብ ቁልቁል ስመለከት ሣሩ እንደ መንገድ ተጋድሟል። ከባድ ነገር የተጎተተበት ነው። እሱን ተከትዬ ወረድኩ። መንገዱ በአንድ የስንዴ ማሳ ዳር አልፎ የኮሚቴው ሰብሳቢ አጥር ጋ አቆመ። የግቢው ግንብ ክረምት ላይ በአንድ በኩል ተንዶበት ነበር፤ አሁን አምሮበት ተሠርቷል። ቀረብ ብዬ አየሁት። ከታች ሦስተኛው ድርድር ላይ ካለ ድንጋይ ላይ ሃያ ሦስት የሚል ቁጥር በቀይ ቀለም ተጽፏል። ተገልብጦ ነበር የተገነባው። የእጅ ጽሕፈቴን ለማወቅ አንገቴን ማዘንበል ነበረብኝ።

ሰውየው ከጓሮ ወጥቶ አየኝ። ድንጋዩንም አየ። ለማስተባበል አልሞከረም።

«ሰኞ ዕለት እናገራለሁ ብዬ ነበር» አለ። «ጅብ ጥጃዬን ሊወስድብኝ ሆነ፣ ግንቡ ተንዶ። ቅርብ ያገኘሁት ያን ድንጋይ ነው። ራሴ የደረደርኩት ነው፤ መልሼ እሠራዋለሁ ብዬ ነው። ከዚያ ሰው ሲያወራ ሰማሁ፤ ሽማግሌው ተያዙ ተባለ።» ቁጭ አለ። «የመጀመሪያውን ቀን ዝም አልኩ። ሁለተኛው ቀን ላይ ከየት ልጀምረው?»

ልቆጣው ፈልጌ ነበር። ነገር ግን ወረቀቱን የጻፍኩት እሱ አይደለም፤ እኔ ነኝ።

ወጥቼ ያየሁትን ለቀበሌው ተናገርኩ፤ ሽማግሌው በዚያው ሰዓት እንዲወጡ ተደረገ። የቀበሌው ሊቀመንበር «በቃ ተፈትተዋል እኮ፣ ምን ቀረሽ?» አለኝ። እኔ ግን በማግስቱ ጠዋት ብቻዬን ላይ ጎጥ ወጣሁ። አንድ ዓመት ከስምንት ወር በዚያ ቀበሌ ስኖር ለሥራ ካልሆነ በቀር ወደ ማንም የላይ ጎጥ ሰው ቤት ገብቼ አላውቅም ነበር።

ሽማግሌው የሽመና ጉድጓዳቸው ውስጥ ተቀምጠው በእግራቸው መርገጫውን ይረግጣሉ። እንድቀመጥ አላሉኝም። ቆሜ ይቅርታ ጠየቅኩ። ተንበርክኬ ጉልበታቸውን ልስም ስል እጃቸውን ዘረጉና ከለከሉኝ።

«ስሜን ያጠፋሽው እዚህ ቤት ውስጥ ነው?»

«አይደለም አባባ።»

«እንግዲያስ ይቅርታውንም እዚህ አልቀበልሽም። ስሜ የጠፋው ሁሉ በሰማበት ነው፤ ይቅርታውንም ሁሉ በሚሰማበት ተናገሪው።» ከዚያ መወርወሪያውን አንሥተው ሥራቸውን ቀጠሉ። በሩ ላይ የተቀመጡት ሚስታቸው ስወጣ አልተነሡልኝም።

እሑድ ከቅዳሴ በኋላ ሕዝቡ በቤተክርስቲያኑ ቅጥር ግቢ ውስጥ ሲቀመጥ፣ አስተዳዳሪው ቄስ «ባለሙያዋ ቃል አላት» ብለው አስነሡኝ።  ወረቀቱን ሳላጣራ መጻፌን፣ ሽማግሌው ምንም እንዳላደረጉ፣ ጥፋቱ የእኔ መሆኑን ተናገርኩ። የኮሚቴው ሰብሳቢ ሳይጠሩት ተነሣ፤ «ድንጋዩን የወሰድኩት እኔ ነኝ» አለ።  አንድ ሰው ከላይ ጎጥ በኩል ሊናገር ብድግ ሲል ሽማግሌው በመቋሚያቸው ጫፍ ነካ አድርገው አስቀመጡት።

«እኔ ይቅር ብያለሁ» አሉ። «የተሰረቀው ድንጋይ ነገር ለእኔ አልቋል። አሁን ግን ሁላችን እዚህ ሳለን ስለ ውሃው እንነጋገር።»

ያኔ ነው የገባኝ። ከጋራው ወገብ ላይ፣ ከሁለተኛው እርከን ሥር፣ ከድንጋይ መሐል የምትወጣ አንዲት ምንጭ አለች። ክረምት ከበጋ አትደርቅም። የላይ ጎጥ በግ የሚጠጣው እሷን ነው፤ ሌላ የለም። ካቡን በገመድና በውሃ ልክ ስለካ ወደ ምንጯ የሚወርደውን የበግ መንገድ በሦስት ቦታ ዘግቼዋለሁ። ምንጯን አውቃት ነበር፤ ካርታዬ ላይ በሰማያዊ ነጥብ ምልክት አድርጌባታለሁ። ማን እንደሚጠጣባት ግን አልጠየቅኩም። ሽማግሌው በስብሰባው ዕለት ነግረውኝ ነበር። እኔ ሳቅሁ።

ቄሱና ከሁለቱ ጎጥ የተመረጡ ስድስት ሽማግሌዎች ለሦስት እሑድ ደጀ ሰላም ተቀመጡ። እኔ ዳር ላይ ሆኜ እጽፍ ነበር፤ ሲጠይቁኝ ብቻ እናገራለሁ። ነገሩ ቀላል አልነበረም። የታች ጎጥ አንድ ገበሬ «አንድ መንገድ ብትከፍቱ ነገ አሥር ይሆናል» ብሎ ተነሥቶ ወጣ፤ በሚቀጥለው እሑድ ግን ተመልሶ መጣ። በመጨረሻ የተስማሙት ይህ ነው፤ ወደ ምንጯ የሚወስድ አንድ የበግ መንገድ ግራና ቀኙ በካብ ታጥሮ ይከፈታል፤ ከጋራው አናት ያለው ሜዳ ለላይ ጎጥ ግጦሽ ይመለሳል፤ ሣር የሚታጨድ ጊዜ የመጀመሪያውን ሳምንት የሚያጭደው ላይ ጎጥ ነው። ታች ጎጥ ደግሞ መንገዱን ራሱ ይሠራል። የእኔን የመያዝና የዋስ ዐረፍተ ነገር ሰረዙት። በምትኩ ከመንገዱ ውጪ በግ ያሳለፈ ሰው አንድ ቀን ካብ ይጠግናል አሉ። የእነሱ ደንብ ከእኔ ደንብ በገጽ ያንስ ነበር።

የኮሚቴው ሰብሳቢ የጎደለውን ካብ መልሶ ሠራው። የግቢውን ግንብ አላፈረሰም፤ ሽማግሌው ጥጃው በጅብ እንዳይበላ ተወው ስላሉት ከሌላ ቦታ ድንጋይ አመላለሰ። ከሰብሳቢነቱ ግን በራሱ ፈቃድ ወረደ። ለወትሮው ጨዋታ አዋቂ የነበረው ሰው ለረጅም ጊዜ ገበያ ላይ ሳየው አንገቱን ሰበር አድርጎ ያልፈኝ ነበር፤ እኔም እንደዚያው።

ሁሉም ነገር አልተጠገነም። ሁለት የላይ ጎጥ ቤተሰቦች ስምምነቱ ሳይደረስ በጎቻቸውን ሸጠው ንፋስ መውጫ ገብተው ነበር፤ አልተመለሱም። አንደኛዋ «የእኔ በግ ተጠምታ ነው» ያለችኝ ሴት ነበረች። አሁን የቀን ሥራ ትሠራለች ሲሉ ሰማሁ። የሸማኔው ሚስት እስከ ፋሲካ አላናገሩኝም። በዓሉ ካለፈ በኋላ አንድ ቀን ምንጯ ጋ አገኘኋቸው፤ እንስራቸውን ሲያነሡ አገዝኳቸው፤ «እግዜር ይስጥሽ» አሉኝ። ያ ብቻ ነበር።

እማማን ሸማኔው ወንድማቸው መሆናቸውን ለምን ያኔውኑ እንዳልነገሩኝ ጠየቅኳቸው። «ወንድሜ ነው ብልሽ ለወንድሟ ታደላለች ትይኝ ነበር» አሉ። እውነታቸውን ነው፤ እል ነበር።

በቀጣዩ ሐምሌ ጎርፉ መጣ፤ ግን ካቡ ያዘው። ባቄላው ከነአፈሩ የሄደበት ገበሬ ማሳ ዳር ላይ የቆመው ውሃ ከቁርጭምጭሚት አላለፈም። መስከረም ላይ የላይ ጎጥ ሰዎች ማጭድ ይዘው ሲወርዱ አየኋቸው። በመስመር ተሰልፈው፣ እየተቀባበሉ ያጭዳሉ። ከታች ጎጥ የመጡ ሁለት ሴቶች ቀናቸው ሳይደርስ ሊያጭዱ ሲሉ ጭቅጭቅ ተነሣ፤ እስከ እኩለ ቀን ድረስ ሲነታረኩ ዋሉ። እኔ ጋ የመጣ ግን የለም። ራሳቸው ጨረሱት።

አሁን የምሠራው ታች ጋይንት፣ አርብ ገበያ አካባቢ ነው። ሌላ ቀበሌ፣ ሌላ ጋራ። ገና በገባሁ በሳምንቱ አንዲት ጠና ያሉ ሴት ከአርብ ገበያ አህያቸውን እየነዱ ሲመለሱ መንገድ ላይ አገኙኝና ቦርሳዬን፣ ገመዴን፣ ውሃ ልኬን አዩ።

«አሁን ደግሞ ምን ልትከለክሉን መጣችሁ?» አሉኝ።

«ገና አላወቅኩም እማማ» አልኳቸው። «እስኪ መጀመሪያ ከብቶቻችሁ የሚጠጡበትን ያሳዩኝ።»

 አህያዋን ከመንገዱ አስወጡና «ሩቅ ነው፤ ትችይዋለሽ?» አሉ። እችላለሁ አልኩ፤ ተከትያቸው ወረድኩ።